ያላበው ጣሳ

በሰቆጣ ከተማ ዕቃ የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመኩራራት ብለውም ግን ያምርብኛል። ትምህርት ቤት በተማሪነት ገብቼ አላውቅም። የገባሁት ደወሉን ልጠግን፣ በኋላም የውሃ ፓምፑን ልፈታ ነው። ፊደል የለየሁት ከስኳር ከረጢትና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ሌላው ሰው የተበላሸ ሬዲዮውን ጠቅልሎ ወልድያ ድረስ ሲሄድ፣ እኔ የራሴን በቢላዋ ጫፍ ፈትቼ፣ አገላብጬ አይቼ፣ መልሼ አናግሬዋለሁ። ከሬዲዮ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ፓምፕ፣ በስተርጅና ደግሞ ወደ ሶላር ተሻግሬያለሁ። ከጎጃምም ከጎንደርም ተመድበው የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ሻንጣቸውን ሳይፈቱ «የመሐንዲሱ ቤት በየት ነው?» ይላሉ። ባጃጅ ነጂው አድራሻ አይጠይቅም። በዕድሜ የሚበልጡኝ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እርስዎ» ይሉኛል፤ እኔም «ኧረ ተው» ብዬ አላውቅም።

አንድ ጠባይ አለኝ። የጀመርኩት ነገር ካላለቀ መቀመጥ አልችልም። እነሳለሁ፣ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ሚስቴ «አንቱ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አለው?» ትለኛለች። ያለፈው ክረምት ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ምክንያቱም ሁለት እፍኝ የማይሞላ ጥይት ነው።

ከሰቆጣ ቁልቁል፣ በእኛው ዋግ ቆላ ዝቋላ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። ባሏ ባለፈው የካቲት ሞተባት። ሴት ልጇ ዐረብ አገር ናት፤ ወንዱ አዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ማሽላዋ ያለው ከገደል ሥር ነው፤ ገደሉ ደግሞ የዝንጀሮ ቤት ነው። ባሏ ታሞ በተኛበት ዓመት መንጋው ወርዶ እሸቱን ጠርጎባት፣ ዓመቱን በዘመድ እጅ አሳለፈች። ዝንጀሮ የሴት ጩኸት አይፈራም፤ ጅራፍም ውሎ አድሮ ይለምዳል። የሚፈራው የጠመንጃ ድምፅ ነው። መግደልም አያስፈልግ፤ ወደ ሰማይ አንዴ ካጮኹበት መንጋው ሰንበት ብሎ ነው የሚመለስ። ባሏ የተወላት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለ፤ ፈቃዱም በስሟ ዞሯል።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ እህቴ ሰቆጣ መጣች። ከነጠላዋ ሥር አፉ በጨርቅ የታሰረ ቅል አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ወንድም ዓለም፣ ይኸን እይልኝ» አለች።

ጨርቁን ስፈታው ጨው ነው። ጨው ውስጥ እጄን ስከት ጥይት ነው።

«ማነው ጥይት በጨው የቀመመው?» አልኳት።

«ዋርሳዬ ነዋ። ጨው እርጥበት ይጠጣል፣ ጥይቱን ያደርቀዋል ብሎ። የራሱንም እንዲሁ ነው ያስቀመጠው።»

ዋርሳዋ፣ ማለት የባሏ ወንድም፣ ከእሷ ማሳ ማዶ ይኖራል። ጠመንጃን በተመለከተ ከእሱ ወዲያ አዋቂ የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። እኛ አገር ጨው ከጥንት ጀምሮ በግመልና በአህያ ሲያልፍ የኖረ ነገር በመሆኑ፣ ጨው የማይሠራው ሥራ ያለ አይመስለንም። ሥጋ ያቆያል፣ ቆዳ ያቆያል፤ ጥይትስ ለምን አያቆይም? ግማሹ እውነት ነው። ጨው እርጥበት ይጠጣል። ሲበዛበት ግን ራሱ ውሃ ይሆናል፤ በክረምት የጨው ዕቃ የከፈተ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ውሃ የወረደው ጥይቱ ላይ ነው። የናሱ ቂጥ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ከዝገቱ ያመለጠው ደግሞ የካርቶን ገላው እንደተዘፈዘፈ ባቄላ አብጧል።

«ይተኩሳል?» አለች እህቴ።

«ገሚሱ ይተኩስ ይሆናል።»

«ሌላ ብንፈልግስ?»

«ከየት? መንገዱ ከተዘጋበት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥይት በዓይኑ ያየ የለም።»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

«ለልጆቼ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለች። «ዘንድሮም ዝንጀሮ ከበላው ቤቴን ዘግቼ አንተ ዘንድ እገባለሁ ብያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ቤቱ ያንችም ነው።»

«አትቀየመኝ ወንድም ዓለም። ቤትህ ደግ ነው። እኔ ግን ጠዋት ተነስቼ የራሴን ደጅ ካልጠረግሁ ሰው ሰው አልሸትም። ሰው ቤት ተቀምጬ፣ ነይ ብይ ሲሉኝ የምነሳ ልሁን?»

ቅሉን ወደ ራሴ ሳብኩት።

እህቴ በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች። እኔም ጥይቱን ይዤ ጓዳ ገባሁ። መጀመሪያ ጨውን አራግፌ እያንዳንዱን በደረቅ ጨርቅ ወለወልኩ። ከዚያ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ላይ ቀለበት ቆርጬ፣ ካላበጠ ደህና ጥይት ጋር ልኩ እስኪገጥም ውስጡን ሞረድኩት። በቀለበቱ ሳይነካካ ያለፈው ጠመንጃውም ውስጥ ይገባል። ቀለበቱ ላይ የተቀረቀረው ጠመንጃውም ውስጥ ይቀረቀራል። የተቀረቀረውንም ገፍቼ ለማሳለፍ አልሞከርኩም፤ ሚስቴ እንዳለችውም ምድጃ ዳር አላሰጣሁትም። ጥይት እንደ በርበሬ አይሰጣም። ያበጠውንና ዝገቱ የበላውን ሰብስቤ ለፖሊስ አስረከብኩ። ደህናው አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላም። ከእሱም ውስጥ ፊቱን ያልወደድኩለት አንድ ነበር፤ ቂጡ ላይ በምስማር ጭረት አደረግሁበት።

ቀጥሎ የት እናስቀምጠው? ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ከጣሪያው ሥር ስቀለው አለኝ። ቆርቆሮ ሥር ቀን እንደ ምድጃ ነው፣ ሲመሽ ውርጭ ነው። ሙቀት ባሩዱን እያጎሳቆለ፣ ካርቶኑን እያሳሳ ይሄዳል፤ የሚመላለሰው ሙቀትና ብርድ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው። ሌላው ከአልጋ ሥር አለኝ። የሰቆጣ ወለል በሐምሌ የሚያልበው እንደ ፈረስ ነው። እኔ የድንጋይ ግድግዳ ያለውን ጓዳ መረጥኩ። ከወለሉ ከፍ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ ጣውላ ቸነከርኩ። ከከተማው ተዛውራ የሄደች ነርስ የተወችልኝ የግድግዳ ቴርሞሜትር ነበረች፤ እሷን ከጎኑ ሰቀልኩ። ጠዋትም ቀንም ቀዩዋ መስመር ካለችበት ንቅንቅ አትልም። የፈለግሁት ይኸን ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ የማይለዋወጥ።

ጥይቱን በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። በጨው ፋንታ በጨርቅ የቋጠርኩት የገብስ ቆሎ አብሬ አስገባሁ። በደንብ የተቆላ ገብስ እርጥበት ይጠጣል፣ ግን እንደ ጨው ውሃ ሆኖ አይፈስም። መጠጣቱንም ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። አንድ ፍሬ አውጥቼ እነክሳለሁ፤ ኮሽ ካለ ደህና ነው፣ ጥርሴ ላይ ለስልሶ ከተጣበቀ እለውጠዋለሁ። ይህን ከማንም አልተማርኩም፤ ከራሴ ነው።

ክረምቱን ሙሉ ከጓዳው በር አልጠፋሁም። ሬዲዮ እየጠገንኩ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ ቴርሞሜትሯን አያለሁ፣ ግድግዳውን በመዳፌ እዳስሳለሁ፣ ቆሎ እነክሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ደግሞ የጣሳውን ክዳን በደንብ ገጥሜዋለሁ ወይ ብዬ እነሳለሁ።

«አንቱ፣ ጣሳው ሊወልድ ነው እንዴ?» ትላለች ሚስቴ።

«ሥራሽን ሥሪ።»

«ቆሎውንስ ሰጡት። ጠላውን መቼ ሊጠምቁለት ነው?»

ሴቲቱ ሳታውቀው አንድ ትልቅ ነገር ግን አሳይታኛለች። ነሐሴ ላይ ጥይቱ ደህና መሆኑን ለሚስቴ ላሳያት ብዬ ጣሳውን ከጓዳ አውጥቼ ወደ ማድ ቤት ይዤ ገባሁ፤ እሷ ባቄላ እየቀቀለች ነበር። ክዳኑን ልከፍት ስል ጣሳው በእጄ ላይ ረጠበ። ውሃ ያፈሰሰበት የለም። ብርድ ውስጥ የከረመ ብረት እንፋሎት ያለበት ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። ያን ጊዜ ክፍት ቢሆን ኖሮ ያ ላብ ጥይቱ ላይ በሆነ ነበር። ወዲያው ወደ ጓዳ መልሼ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በሰም አተምኩት። እህቴ ማሳ ሳይደርስ እንዳይከፈት ወሰንኩ።

ኅዳር ላይ ከእህቴ መልእክት መጣ። ማሽላው እየደረሰ ነው፣ ዝንጀሮውም ዳር ዳሩን መቅመስ ጀምሯል። በማግስቱ ማለዳ ሰቆጣ ውርጭ በወረደበት ሰዓት ጣሳውን ከጓዳ አወጣሁ። መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳያገኘው በጭድ ከብቤ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ እህቴ የተወችልኝን ፈቃድ በኪሴ ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫንልዎት አለ። እምቢ አልኩ። ሞተሩ አጠገብ ወንበር ሰጠኝ፤ የሞተሩን ሙቀት ስቀምሰው ከዚያም ተነሳሁ። ከኋላ ወንበር ጣሳውን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ማር ነው እንዴ እንዲህ የታቀፉት?» አለች ከጎኔ ያለች ወጣት።

«ከማር ይበልጣል» አልኳት። ለቀሪው መንገድ አፍንጫዋን ወደ ጋቢዬ ስታስጠጋ ነበር።

ከመኪና ወርጄ በእግር ስወርድ ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። ዶፍ ጣለ። እህቴ ማሳ ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሳል፣ አየሩ እንደ ማድ ቤት ነው። እህቴ ማማው ላይ ቆማ ጅራፍ ታጮሃለች። ድምፅዋ ታፍኗል። ከገደሉ ሥር ዝንጀሮዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ማሽላውን ያያሉ። ከፊታቸው አንድ ግዙፍ ገመሬ፣ የመንጋው አውራ፣ አለ።

«እሰይ! መጣህልኝ!» ብላ ከማማው ወረደች። ጠመንጃውን ከማማው አጠገብ ካለ ዛፍ ግንድ አንስታ ሰጠችኝ። «ቶሎ በል፣ ጣሳውን ክፈተው!»

ጋቢውን ገለጥሁ፣ ጭዱን አነሳሁ። ጭዱ ከፀሐይ ጠብቆት፣ ጣሳው የሰቆጣን ጠዋት እንደያዘ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። ዓይናችን እያየው አላበው። መጀመሪያ ደብዘዝ አለ፣ ከዚያ ነጠብጣብ ሆነ፣ ከዚያ ወረደ።

«አልከፍትም» አልኩ።

«ምን?»

«ይኸን ላብ ታያለሽ? አሁን ብከፍተው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሁ ያልበዋል። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁትን ዛሬ አላረጥበውም። ጣሳው የዚህን አገር ሙቀት እስኪለምድ ተዘግቶ ይቆያል።»

«ዝንጀሮው ይቆይልሃል?»

ዋርሳዋ ጩኸታችንን ሰምቶ ከማዶ እየሮጠ መጣ። ነገሩን ሲሰማ በኽምጣና፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ አንድ ነገር ተናገረ፤ ለመጽሐፍ አይሆንም። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለ።

«አንተ መሐንዲስ፣ ጣሳህ እስኪደርቅ ማሽላው ፍግ ይሆናል። አምጣ ጠመንጃውን!» ከኪሱ ሁለት ጥይት አወጣ። ገና የጨው ቅንጣት አለባቸው። እያሻሸ አጎረሳቸው፣ ወደ ሰማይ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ።

ቀጭ።

«አፈሙዙን እንዳታወርድ!» አልኩት ጮኼ። «የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል!»

ወደ ሰማይ እንደያዘ ቆመ። ምንም የለም። ሁለተኛውን ሳበ። ቀጭ። ገመሬው ጠጋ ብሎ ተቀመጠና ጭኑን አከከ።

«ደግመህ አንቃጭልልኝ እያለህ ነው» አለች እህቴ ለዋርሳዋ። እየሳቀች አልነበረም።

ከዚያ መንጋው ወረደ። የታችኛው እርከን ውስጥ ገቡ፤ አገዳው ሲሰበር ይሰማል። እህቴ ጅራፏን ይዛ ሮጠች። ዋርሳዋ ጠመንጃውን ማማው ላይ አስደግፎ ድንጋይ አነሳ። እኔም ወንጭፏን ከማማው ላይ ነጥቄ ወረድኩ። ወንጭፍ ከወረወርኩ ስንት ዘመን ሆኖኛል፤ ክንዴ ግን አልረሳም። ሁለት ወርውሬ ወደ ጣሳው እመለሳለሁ፤ በመዳፌ እነካዋለሁ፤ እርጥብ ነው። እጠርገዋለሁ፤ መልሶ ያልበዋል። እንደገና እወርዳለሁ። እወጣለሁ። አንዴ ቢላዋዬን አውጥቼ ሰሙ ላይ አሳርፌያለሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

እህቴ ወደ ላይ ሮጣ መጣች። ፊቷ ጭቃ ነበር።

«የታችኛው ሄደ» አለች። «ወንድም ዓለም፣ የሚበላው እኮ ማሽላ አይደለም። ቤቴ ነው የሚበላው። ክፈተው ልመንህ!»

«እመኚኝ።»

«ሁልጊዜ አንተ ታውቃለህ!»

«አውቃለሁ» አልኳት። ደግሞም አውቃለሁ።

ጣሳውን ጠረግሁት። ጠበቅሁ። አላበውም። እንደገና ጠበቅሁ። አንስቼ ጉንጬ ላይ አስጠጋሁት፤ ጉንጬንም አልቀዘቀዘኝም፣ አልሞቀኝም። የዝቋላ ልጅ ሆኗል። ሰሙን በቢላዋ ዞርኩት፣ ክዳኑን አነሳሁ፣ ከቋጠሮው አንድ ፍሬ ቆሎ አውጥቼ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

«ይበላል!» ብላ ጮኸች እህቴ። «ኧረ ሰው ስሙልኝ፣ ተቀምጦ ቆሎ ይበላል!»

ኮሽ አለ።

የዋርሳዋን ክሽፎች አውጥቼ አስወገድኩ፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃን ይዤ ውስጡን አየሁ፣ ደረቅ ሁለት ጥይት አጎረስኩ። ወደ ሰማይ ሳብኩ።

ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መልሶ ወረወረው። ሰደፉ ትከሻዬን ሲመታኝ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ምት የለም። ገመሬው ባለበት ዘለለ። መንጋው አገዳውን ጥሎ፣ ግልገሉን በጀርባ አዝሎ፣ ድንጋይ እያንኮታኮተ ገደሉን ወጣ። ሁለተኛውን ሳብኩ፤ እሱ እንደ ሽማግሌ ሳል ቱፍ ብሎ ቀረ። ቀለሃውን አውጥቼ ሳይ የምስማር ጭረት አለበት። ያልወደድኩት እሱ ነበር። ሌላ ከማጉረሴ በፊት አፈሙዙ ውስጥ የቀረ ነገር እንደሌለ አየሁ፤ ከዚያ ሦስተኛውን አጮኽሁ። ከገደሉ አናት ላይ አንድም ጅራት አልቀረም።

እህቴ እርከኑ ላይ ተቀመጠች። ጅራፏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ዋርሳዋ ወደ ጣሳው አጎነበሰ።

«ቆሎው ተርፏል?» አለኝ።

«ተርፏል።»

ጥቂት ዘገነ። ቆሞ ገደሉን እያየ በላው። ከዚያ ኪሱን ገልብጦ የጨውን ቅንጣት አራገፈ።

ማሽላው እስኪታጨድ እዚያው ቆየሁ። ዝንጀሮው አንዴ ተመልሶ ነበር፤ አንዲት ጥይት በቃችው። የታችኛው እርከን አገዳ ብቻ ነው የቀረው። የላይኛውና የመካከለኛው ግን ተወቅቶ ጎታ ገብቷል። እህቴ ጎታውን ስትመርግ ዐረብ አገር ላለችው ልጇ ስልክ አስደወለችኝ፤ «አልሄድም በላት» አለችኝ። «ራስሽ ንገሪያት» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልቁጠር፤ እኔ ካልቆጠርኩት የሚቆጥርልኝ የለም።

በጨው የታሸ ጥይት ከጨው አውጥቼ አድኛለሁ፤ ሁሉንም አይደለም፣ የሚድነውን።

ከቧንቧ ቁራጭ መለኪያ ሠርቻለሁ። አሁንም ጓዳዬ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

ጥይት ከምድጃ፣ ከቆርቆሮና ከወለል ርቆ መቀመጥ እንዳለበት ለመንደሩ አስተምሬያለሁ። ከብርድ አገር ወደ ሙቀት የመጣ ጣሳ ላቡ ሳይደርቅ እንዳይከፈትም እንዲሁ።

ቆሎን ለጥይት አብልቻለሁ፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

በዚህ ዕድሜዬ ወንጭፍ ወርውሬ ገመሬ መትቻለሁ። ዋርሳዋ አልመታህም ይላል። መትቻለሁ።

እህቴ ቤት የጭቃ ግድግዳው በማያልበው በኩል ጣውላ ቸንክሬ፣ የቀረውን ጥይት በጣሳው አስቀምጬ፣ ቆሎ መንከሱን አሳይቻታለሁ። እኔም አሁን ሰቆጣ ሆኜ ለወጠችው ይሆን አልለወጠችው እያልኩ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ሰሞን ማለዳ ስልክ ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ቆይታ መልሳ ደወለች። «ምነው፣ የት ነበርሽ?» ብላት «ደጄን ስጠርግ» አለችኝ። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።